ጨርቅ የለበሰ መዶሻ

ደወሌ ቸርኬ ነው፤ የፊያት፣ ያለ ጎማ፤
ስመታው እስከ ኮቺ ማዶ የሚሰማ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከዋንዛው ሥር ቆሜ
ሰዓት አውጃለሁ በክንዴ፣ በአቅሜ።
ዳይሬክተር ሲቀየር፣ ሲቀባ አጥሩ፣
እኔና ቸርኬው ነን የቀረን ከበሩ።

ዘኪያም በረኛ ናት፣ እኔም በረኛ ነኝ፤
እሷን ኳስ ነው፣ እኔን ያረፈደ የሚያገኘኝ።
መጋቢት ላይ፣ ሜዳው በዝናብ ጨቅይቶ፣
ኳስ ልትይዝ ስትዘል እግሯ ድንገት ከድቶ፣
ከግቡ ብረት ጋር ግንባሯ ተላተመ፤
ደም አልወጣም፤ ጨዋታው ለአንድ አፍታ ቆመ።
«ተነሺ» አሏት። ተነሳች። ሳቀችም።
ማታ ግን እናቷን «ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» ብላ
ሦስት ጊዜ ጠየቀች።

ሦስት ሳምንት ጠፍታ የመጣች ዕለት
ፋሻ የለ፣ ጀሶ የለ፣ የሚታይ ምልክት።
እናቷ ከሂርማታ፣ በርበሬ እጇን ሳትታጠብ፣
ወረቀት ሰጠችኝ፦ «ለዳይሬክተሩ፣ በአላህ፣ ይነበብ።»
መጀመሪያ እኔ አነበብኩት። ማን ይከለክለኛል?
«አንጎሏ ተናውጧል» ይላል፤
«ግማሽ ሰዓት ትማር፤ ከዚያ አንድ፤ ከዚያ ሁለት፤
ጩኸትና ብርሃን፣ ሩጫም አይብዛባት።»

ልጆች ግን ልጆች ናቸው።
«ፈተና ፈርታ ነው። የታለ ቁስሏ?»
እውነትም፣ ለተሰበረ እግር ዱላ ያቀብላል ሰው፤
የተናጋን ራስ በምን ይደግፈው?

በመጀመሪያው ቀን እንደ ልማዴ መታሁ፤
በስምንተኛ «ለ» መስኮት ፊቷን አየሁ፦
ሁለት እጇን ጆሮዋ ላይ፣ አንገቷን ሰብራ፣
በረዶ እንደሚወርድባት፣ ጣራ አጥታ በጎራ።
ማታ ቤት ገብቼ አሮጌ ጋቢዬን ቀደድኩ፤
የመዶሻዬን ራስ ሦስት ዙር ጠመጠምኩ።
የሷ ራስ ያጣውን ፋሻ
አገኘው የኔ መዶሻ።

«ደወሉ ታሟል እንዴ?» አሉኝ አቶ ጉደታ።
«ደወሉስ ደህና ነው» አልኳቸው። ገባቸው፤ ዝም አሉ።
ድምፁ ከኋላ ክፍሎች ስለማይደርስ
በየበሩ እየዞርኩ በእጄ አሳያለሁ፦ አለቀ፣ ውጡ።
ጉልበቴ ይጮኻል። እሱን ማንም አይሰማው።

ሲፈን፣ የወንበር ጓደኛዋ፣ ሁለት ደብተር ይዛ
ለሷ በትልልቅ ፊደል ትጽፋለች፣ መስመር እየዘለለች።
መምህር ሽብሩ መጋረጃ ቢያጣ
የአፍሪካን ካርታ መስኮቱ ላይ ሰቀለ፤
ከዚያ ወዲያ የጠዋት ፀሐይ
በሰሃራ በኩል ብቻ ነው የምትገባው፣ ቀዳዳው እዚያ ስላለ።

የጅማን ዝናብ ግን ማን ጨርቅ ያለብሰዋል?
ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ መምህርም ዝም ይላል።

አንድ ሐሙስ «ድኛለሁ» ብላ ሙሉ ቀን ዋለች፤
ስድስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ግድግዳ ይዛ ወጣች፤
ደጃፌ ላይ አስመለሳት።
ከዘበኛ ቤቴ አስገብቼ አግዳሚው ላይ አስተኛኋት፤
በሩን ገርበብ አድርጌ ውጭ ቆምኩ።
«ፊደሉ እንደ ጉንዳን ከሰሌዳው ይወርዳል፣ አባባ።
ሰነፍ ሆንኩ» አለች ከጨለማው፣ ተነፋርቃ።
«በረኛ አይደለሽ? ሁሉ ኳስ አይያዝም።
አንዳንዱን ልቀቂ፤ ይግባ።»
መልስ አልሰጠችኝም። ተኝታ ነበር መሰለኝ።

ትናንት በዕረፍት ሰዓት መጣች፤
«ጨርቁን ፍታና አንዴ ምታው፣ ልሞክር» አለች።
እምቢ አልኩ። ለመነች። ፈታሁ።
ከበሩ ዘንድ ሄዳ፣ ዓይኗን ጨፍና ቆመች።
መታሁት። አንዴ።
ኮቺ ሳይሰማ አልቀረም። ዋንዛው ላይ ያለች ወፍ ተነሳች።

ዓይኗን ገለጠች። በሁለት ጣቷ
ትንሽ፣ የስንዴ ፍሬ ታህል፣ አሳየችኝ።
«ገና ነው» አለች፤
ጨርቁንም ከእጄ ተቀብላ፣ ራሷ፣
ሁለት ጊዜ ቋጥራ አሰረችው።